ዘጠናኛው ቀይ ከረሜላ

አጎቴ ሰይፈሥላሴ አባቴን በበረዶ አካፋ የመታው የዴንማርክ ምርጫ ውጤት በተሰማበት ማታ ነው። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ኮለምበስ ኦሃዮ፣ ሊንደን ሰፈር፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ ባለ የኪራይ ቤት ውስጥ በዴንማርክ ፓርላማ ምክንያት ደም ፈሰሰ ሲባል ማን አይስቅም? እኔም ልጅ ሆኜ የተጣሉት በምርጫው ይመስለኝ ነበር። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ብዙ አይቻለሁ፤ የገባኝ ግን ግማሹ እንኳ አይደለም።

ቤታችን ሁለት ቤተሰብ አንድ ግድግዳ የሚጋራበት ዓይነት ነበር። በወዲያኛው በኩል ብቻዋን የምትኖር አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት አለች። በእኛ በኩል አባቴ ግርማቸው፣ እናቴ እናናዬና እኔ ሩሃማ ነን፤ ምድር ቤት ደግሞ የእናቴ ወንድም አጎቴ ሰይፉ ይኖራል። አባቴ ዌርሃውስ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ስለሚሠራ ቀን ቀን ይተኛል። ስለዚህ በቤታችን አንድ ሕግ ብቻ ነበር፤ ዝም ማለት። ቲቪው ድምፅ የለውም። የቧንቧ ውኃ በቀጭኑ ይከፈታል። የትኛው ደረጃ እንደሚንቋቋ በእግሬ አውቀው ስለነበር እሱን ዘልዬ ነበር የምወጣው።

አባቴ ጮሆ አያውቅም። ይህን አሁንም አልክድም፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። እንግሊዝኛው ከሁሉም ይሻላል፣ ወደ ሥራ ሲሄድ ተላጭቶ ሽቶ ተቀብቶ ነው፣ ግንባሬን ስሞኝ ይወጣል። እማዬ ድስት ከእጇ ሲያመልጣት ወይም ስልክ ላይ ስትስቅ በባዶ እግሩ ከላይ ይወርዳል፣ ክንዷን ይዞ ወጥ ቤት ያስገባታል፣ በሩን ይዘጋል።

"ምን ሆናችሁ ነው?" ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ።

"ትንሽ ተመካከርን" አለችኝ እማዬ።

ከምክሩ በኋላ ፍሪዘሩን ትከፍትና የአተር ከረጢት አውጥታ ጉንጯ ላይ ታደርጋለች። እናቶች ሁሉ ፊታቸው ላይ የበረደ አተር የሚያደርጉ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሲንኩ ውስጥ ጥርስ አገኘሁ። የእኔም ጥርስ የሚወልቅበት ጊዜ ስለነበር ሳላውቀው የወለቀ የራሴ ጥርስ መሰለኝ። የአሜሪካ ልጆች የወለቀ ጥርስ ትራሳቸው ሥር ያስቀምጣሉ፣ ሲተኙ አንዲት ክንፍ ያላት ነገር መጥታ ትወስደዋለች ይባላል። አጥቤ ትራሴ ሥር ከተትኩት። ጠዋት የለም። በጣም ተደሰትኩ።

በእኔ ዓይን የቤታችን ክፉ ሰው አጎቴ ነበር። ቅንድቡ ላይ የተሰፋ ጠባሳ አለው። በእንቅልፉ በማላውቀው ቋንቋ ይጮኻል። አንድ ጊዜ ደግሞ ምድር ቤት አይጥ ገባ። ለክረምት የተገዛ፣ ጠርዙ ብረት የሆነ የበረዶ አካፋ ነበረን። አጎቴ ጫማውን አውልቆ በካልሲ እየተራመደ አይጡን ጥግ አስያዘው። መታው። ደገመው። ሠለሰው። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ከሞተም በኋላ አልተወውም፤ ሲሚንቶው ላይ የቀረው ነገር አይጥ አይመስልም ነበር። ቀና ሲል አየኝና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"ሽሽ! አባትሽ ይነቃል።"

ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ለዓመታት ጭካኔ እያልኩ ስጠራው ኖሬአለሁ። የምድር ቤቱ ጣሪያ የወጥ ቤቱ ወለል መሆኑን ለማስተዋል ትልቅ ሰው መሆን ነበረብኝ። አይጡ ከመሞቱ ትንሽ ቀደም ብሎ እማዬ ከጭንቅላቱ በላይ ስትመከር ነበር፤ አጎቴ እያንዳንዱን ነገር ሰምቷል።

ለምን እንደማይወጣ የገባኝም በተጣመመ መንገድ ነው። አንድ ጊዜ አባቴ ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሞ በዚያ ለስላሳ ድምፁ "ሰይፉ፣ አንተ እጅህን ያነሳህ ቀን የምትመታው ሰምሀልን ነው" ሲለው ሰማሁ። ሰምሀል የአጎቴ ልጅ ናት፣ እኩያዬ። ወዲያው ደመደምኩ፤ አጎቴ ልጁን ይመታ ነበር ማለት ነው፤ ከእሱ ጠብቀው ነው በአጥር ውስጥ ያስቀመጧት።

አጥሩን በስልክ አይቼዋለሁ። ሰምሀልና እናቷ ንግሥት ዴንማርክ ውስጥ፣ የጥገኝነት ጥያቄያቸው ውድቅ የሆነባቸው ሰዎች አገር ለቀው እስኪሄዱ በሚቀመጡበት ካምፕ ነበሩ። ሰምሀል የተወለደችው እዚያው አገር ነው። አጎቴ እዚያ ስድስት ዓመት ከቆየና ተስፋ ከቆረጠ በኋላ በሜክሲኮ በኩል አሜሪካ ገባ። እዚህ ጥገኝነት ከተሰጠው ሚስቱንና ልጁን ያመጣል። ፍርድ ቤት ለፌብሩወሪ ቀጥሮታል፤ ጠበቃውም "ፖሊስ ደጃፍ እንዳትደርስ" ብሎታል። አባቴ ይህን ያውቃል፤ እማዬን መምከር ሲያሻው የሚተማመነውም በዚህ ነው። አጎቴ ዝም ያለው ለልጁ ሲል ነበር፤ እህቱ ከበላዩ እየተመታች ምድር ቤት አይጥ የሚደበድበው ለሰምሀል ሲል ነበር።

በፈረንጆቹ 2022 መኸር የዴንማርክ ምርጫ ሲቃረብ ግን ሌላ በር ያለ መሰለ። ካምፑ ውስጥ ወሬ ተወራ። ቀይ የሚባሉት ፓርቲዎች ተደምረው ካሸነፉ፣ ትንንሾቹ ቀዮች መንግሥቱን በካምፕ ለሚያድጉት ልጆች ፈቃድ ያስሰጡታል ተባለ። ማን እንዳወራው አይታወቅም። ንግሥት አምናለች፣ ስለዚህ አጎቴም አመነ። እኔም በበኩሌ ነገሩን አጥርቼ ያዝኩ፤ ቀዮቹ ሰምሀልን የሚያድኑ ናቸው፣ ሰማያዊዎቹ ሰምሀልን የሚያባርሩ ናቸው። ጎረቤታችን አሮጊት ደግሞ በዚያው ሰሞን ለአሜሪካኖቹ ምርጫ ሣሯ ላይ ሰማያዊ ምልክት ተከለች። ሰው ሳያየኝ በእርግጫ ጣልኩት። ማግስቱን ተክላው አገኘሁ። መልሼ ጣልኩት።

ምርጫው ማክሰኞ ዋለ፣ የሃሎዊን ማግስት። ሃሎዊን ልጆች የሚያስፈራ ልብስ ለብሰው በየቤቱ እየዞሩ ከረሜላ የሚሰበስቡበት ቀን ስለሆነ ዘንቢሌ ሙሉ ነበር። ከትምህርት ቤት ስገባ አጎቴ ሳሎን ተቀምጧል፤ ከሥራ ኦፍ ወስዷል። ቲቪው ላይ ያለ ድምፅ የሚያወሩ ብጫ ፀጉር ያላቸው ሰዎች ነበሩ። እዚያ ምርጫው ተዘግቶ መሽቷል፣ እኛ ጋ ገና ፀሐይ አለ።

"ሩሂ፣ ከረሜላሽን አምጪ" አለኝ በሹክሹክታ።

"ዋይ? ለምን?"

"ምርጫ እንቆጥራለን።"

ከረሜላዎቹ እንዳይንኳኩ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አነጠፈ። ጥቃቅኖቹን ክብ ክብ ከረሜላዎች ከየከረጢታቸው አፍስሰን በቀለም ለየናቸው። እሱ ቲቪው ላይ የሚወጣውን ቁጥር እያነበበ ይነግረኛል፣ እኔ እደረድራለሁ። እንደዚያ ቀን ተጠግቼው አላውቅም ነበር።

"የፓርላማው ወንበር መቶ ሰባ ዘጠኝ ነው፤ ዘጠና ቀይ ከሞላ አለቀ" አለኝ።

"ሲያልቅስ?"

"ሰምሀል ዳነች ማለት ነው።"

"እነዚህስ?" አልኩት ሐምራዊዎቹን እያሳየሁት።

"እነሱ መሀል ሰፋሪ ናቸው። ቀዮቹ ካነሳቸው ይለማመጧቸዋል። ከሞላላቸው ግን ዞሮ የሚያያቸው የለም።"

አልሞላም። ፀሐይ ገባች፣ መንገዱ ጨለመ፣ ቁጥሩ ዘጠና አጠገብ ደርሶ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንድ ቀይ አስቀምጣለሁ፣ "አንሺው፣ አንሺው" ይለኛል። እማዬ ከወጥ ቤት እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ትመጣለች፣ ቲቪውን ታያለች፣ ምንም ሳይገባት ትመለሳለች። ከላይ የአባቴ ማንኮራፋት ይሰማል። በየመሀሉ የንግሥት የድምፅ መልእክት ይገባል፤ አጎቴ ስልኩን ጆሮው ውስጥ ሊከተው ምንም አይቀረው። አንዱን እኔም ሰማሁት።

"አልሞላም እያሉ ነው እኮ ሰይፉ። ልጅቷም አልተኛም ብላ መስኮት ላይ ተቀምጣለች።"

በመጨረሻ አንድ ብቻ ጎደለ። ለብዙ ጊዜ አንድ ብቻ። ከዚያ ቲቪው ውስጥ ሰዎች ሲዘሉ፣ ሲተቃቀፉ አየን። አጎቴ ተነሥቶ ወደ ቲቪው ተጠጋ፣ ቁጥሩን በጣቱ ነካው።

"ሞላ" አለ። "ሩሂ፣ ሞላ! አንድ ቀይ አምጪ!"

ቀይ አልነበረም። ሳይታወቀኝ በልቼ ጨርሼዋለሁ። የመጨረሻው አፌ ውስጥ ስለነበር አውጥቼ ሰጠሁት፤ ቀለሙ ግማሹ ለቋል። አጎቴ በሁለት ጣቱ ይዞ አየው፣ ጨርቅ እንደሚሰፋ ሰው ተጠንቅቆ ከሌሎቹ ጫፍ አስቀመጠው። እያለቀሰ ነበር። ሐምራዊዎቹን በሙሉ ዘግኖ መዳፌ ላይ አደረገልኝ።

"እነዚህን ብያቸው" አለኝ። "ከእንግዲህ ምንም አያደርጉም።"

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "በእውነት?" አለች። አጎቴ አንገቱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ እማዬ ረሳች። ሌላ ምንም ማለት አልችልም፣ የት እንዳለች ረሳች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልል አለች። አሜሪካ ከመጣን ጀምሮ ከእሷ አፍ ሰምቼው የማላውቀው፣ ረጅም፣ ግድግዳውን አልፎ አሮጊቷ ቤት የገባ እልልታ።

ከዚያ ሦስታችንም ወደ ጣሪያው አየን። ማንኮራፋቱ ቆሟል።

አባቴ በካናቴራ፣ በባዶ እግሩ ወረደ። ከረሜላዎቹን አየ፣ ቲቪውን አየ።

"እንኳን ደስ አላችሁ" አለ። ፈገግም ያለ ይመስለኛል። የእማዬን ክንድ ያዘ።

"ግርማ" አለ አጎቴ። "ዛሬን ተዋት።"

"አንተ ሰምሀልን አስብ።"

የወጥ ቤቱ በር ተዘጋ። እኔ ሐምራዊዎቹን እየበላሁ ነበር። ድምፁን ስለለመድኩት አላቆምኩም፤ መሳቢያ ተከፈተ፣ ከባድ ነገር ፍሪጁን መታው፣ ፍሪጁ ላይ የለጠፍናቸው ማግኔቶች ተራ በተራ ረገፉ። እማዬ ስትመከር ድምፅ አታሰማም ነበር። ያን ማታ ግን ጮኸች፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመሀል ተቆርጦ የቀረ ጩኸት። የሆነ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበርም ሰምቻለሁ፤ የእጅ አንጓዋ እንደነበር የማውቀው አሁን ነው።

አጎቴ ፎጣው ላይ የተደረደሩትን ቀዮች ትክ ብሎ ያያል። ከዚያ ሪሞቱን አነሣና የቲቪውን ድምፅ ከፈተው። ቲቪያችን ድምፅ ሲያሰማ የሰማሁት ያኔ ነው። ቤቱ በዴንማርኮች ጭብጨባና ሆታ ተሞላ። ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጠረጴዛው አዞረኝ።

"ከመጀመሪያው ቁጠሪያቸው። ዘጠና እስኪሞላ ቀና እንዳትዪ።"

ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ሰማሁት፤ ፈርቶ የሸሸ መሰለኝ። ተመልሶ በጀርባዬ በኩል ሲያልፍ የብረት ጠርዝ ወለሉን ሲፍቅ ተሰማኝ። የወጥ ቤቱ በር በእግር ተመትቶ ተከፈተ። እኔ እየቆጠርኩ ነው። ያንን የአካፋ ድምፅ ከአይጡ ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። መታው። ደገመው። ሠለሰው። አባቴ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ጩኸቱ ቀጭን ነው፣ የልጅ ዓይነት። ዘጠና ሳልደርስ ቀና አልኩ።

አባቴ ወለሉ ላይ በጎኑ ወድቋል፤ አንድ ትከሻው ወደ ደረቱ ገብቷል፣ ከአፉ የሚወጣው ደም የሸክላውን መጋጠሚያ ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። እማዬ ፍሪጁን ተደግፋ ተቀምጣለች። አንድ ዓይኗ ተከድኗል፣ ከንፈሯ ተተርትሯል፣ ከጎኗ በእፍኝ የተነጨ ፀጉሯ ወድቋል። ከሁለቱ በላይ አጎቴ አካፋውን ይዞ ቆሟል። ያየሁት ይህን ነው፤ የልጅ ሒሳቤም ቀላል ነበር። አካፋ የያዘው አንድ፣ የተመቱት ሁለት።

"ውጣ ሰይፉ" አለች እማዬ፤ ቃሉ በደም ነው የሚወጣው። "በጓሮ በኩል ውጣ። ፖሊስ ይመጣል። ኬዝህ ..."

"ኬዜ ለሰምሀል ነበር" አለ አጎቴ። "ሰምሀል ድናለች። ከእንግዲህ የማንን ኬዝ ነው የምጠብቀው?"

አካፋውን የአባቴ አንገት ላይ አደረገና ጎንበስ ብሎ ማውራት ጀመረ። ዴንማርኮቹ እየዘፈኑ ስለነበር ብዙውን አልሰማሁም። የሰማሁት መጨረሻውን ነው።

"ሩሃማ ትሙት በል!"

"አይሆንም!" አለች እማዬ። "በልጄ አይሆንም!"

"ሌላ አስብለኝ" አለ አባቴ እያለቀሰ። "በእናቴ ልበል።"

"እናትህ ሞታለች። ሩሃማ ትሙት በል!"

አባቴ ዓይኑን ከወለሉ አንሥቶ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን አየኝ።

"ሩሃማ ትሙት" አለ።

አማርኛ የሚናገር ሰው ይህን ሲያነብ ወዲያው ይገባዋል፤ ሰው የሚምለው በሚወደው ነው። እማዬ ግን ጌታን ከተቀበለች ጀምሮ መሐላ ኃጢአት ነው ብላ በቤቷ እየማለ የሚያወራ ሰው አታስተናግድም፤ አጎቴም በእኛ ፊት አንደበቱን ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ እኔ የተማርኩት አማርኛ መሐላ የለውም። የሰማሁት ቃሉን እንዳለ ነው። አጎቴ ሁለቱን ደብድቦ አሁን ተራው የእኔ ሆነ፤ አባቴን አስገድዶ አሳልፎ አሰጠኝ፤ አባቴም እሺ አለ።

በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ። አሮጊቷ በሌሊት ቀሚሷ በረንዳዋ ላይ ቆማ፣ ስልክ ይዛ፣ የቤታችንን ቁጥር ለፖሊስ እየተናገረች ነበር። ሰማያዊ ሰው መሆኗን ረስቼ ቀሚሷ ውስጥ ገባሁ። ከመጣን ጀምሮ በዚያ ግድግዳ በኩል ምን ስትሰማ እንደኖረች፣ ስልኩን ስንት ጊዜ አንሥታ እንዳስቀመጠችው ከዓመታት በኋላ ራሷ ነገረችኝ። ያን ማታ የደወለችው እልልታው ተቆርጦ ሲቀር ነው።

ፖሊሶቹ ሲደርሱ ማንም ማንንም አልጠየቀም። አጎቴ እጆቹን ወደ ላይ አድርጎ በራሱ ወጣ። የበረንዳው መብራት ላይ ሸሚዙ በሙሉ ደም ነው።

"አይ ሂት" አለ፣ የመታሁት እኔ ነኝ ሊል። "ዘ ማን፣ አይ ሂት። ዘ ውማን፣ አይ ሂት።"

ሣሩ ላይ በግንባሩ ደፉት። አፍንጫው የአሮጊቷን ምልክት መትቶ ገነደሰው። እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት ፊቱ በጭቃ እንደተለወሰ ጭንቅላቱን አዙሮ በዓይኑ ፈለገኝ።

"ሩሂ፣ ቆጠርሻቸው? ሞላ አይደል?"

ፊቴን የአሮጊቷ ቀሚስ ውስጥ ቀበርኩ።

እማዬ በሕክምና መኪናው ውስጥ ለፖሊሶቹ ምንም አልተናገረችም። የአባቴ ለስላሳ እንግሊዝኛ በተሰበረ መንጋጋው ውስጥ እንደምንም ወጥቶ የአጎቴን ቃል አጸናው። እኔም እስካድግ የማውቀው ታሪክ ይህ ሆነ፤ አጎቴ በምርጫ ደስታ አብዶ ቤተሰቡን ደበደበ።

ዴንማርኮቹ ከዚያ በኋላ ሳምንታት ሙሉ ተነጋገሩ። የገና ሰሞን መንግሥት መሠረቱ። ከቀዮቹ ትልቁ ፓርቲ ትንንሾቹን ቀዮች ትቶ ከሰማያዊዎቹ ትልቁን ጠራ፤ ሐምራዊዎቹንም ጨመረ፤ ሦስቱ አብረው ገቡ። ከእኛ መሀል ይህን ያሰበ አልነበረም። አጎቴም ሆነ እማዬ በሚያውቁት ምርጫ ያሸነፈ ሁሉን ይወስዳል፣ የተሸነፈ ይታሰራል ወይም ይሰደዳል። አሸንፎ ሲያበቃ ተሸናፊውን ና አብረን እንግዛ የሚል ሰው በሕልማቸውም አልመጣም። የካምፑን ልጆች ጉዳይ ያነሣ የለም። በዚያች አንዲት ወንበር ተማምኖ አጎቴ የአሜሪካ ዕድሉን ለእህቱ አዋለ። ልጁን ያዳነ መስሎት የልጁን ብቸኛ በር ዘጋ። ይህን ሳስብ እስከዛሬ ያንገበግበኛል፤ በማን እንደምናደድ እንኳ አላውቅም።

ክሱን አልተከራከረም። ታሰረ፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ተዘጋ፣ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እማዬ ስልክ ስታቀብለኝ አላናግረውም ነበር።

አባቴ አጥንቱ ሲድን ወደ ቤት ተመለሰ። አጎቴም ያሸነፈውን ሰው ቤት ውስጥ ትቶ ነው የሄደው፣ ልክ እንደ ዴንማርኮቹ። ነገር ግን አንድ ነገር ተለውጦ ነበር። እማዬ ድስት ስትጥል አባቴ በባዶ እግሩ ይወርዳል፣ ክንዷን ይይዛል፣ እጁን ያነሣል። ከዚያ ዞሮ እኔን ይፈልጋል። ያየኛል። እጁ አየር ላይ እንዳለ፣ ዓይኑ ዓይኔ ላይ እንዳለ ይቆያል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ከዚያ እጁ ይወርዳል። እኔ ከአልጋዬ ሥር እየተኛሁ አደግሁ። ሩሃማ ትሙት ያለውን ያስታወሰ፣ ቀኑ ዛሬ ይሁን ነገ እያለ የሚያመነታ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እጁን አውርዶ በጡጫ ግድግዳውን ደጋግሞ መታው፣ አንጓዎቹ ተልጠው አጥንቱ እስኪታይ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ትራክ ልነዳ ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። መምታት የማይችልበት ቤት ጠበበው መሰለኝ።

እማዬ የነገረችኝ ከኮለምበስ ወጣ ብላ ያለችው ሬይኖልድስበርግ ከገባን በኋላ፣ ኮሌጅ ስጀምር ነው። ስልኩን ይዛ "አጎትሽ ነው፣ ሰላም በዪው" አለችኝ፤ "አንቺን የደበደበ ሰው አላናግርም" አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። አፏን ከፍታ ከጎን ያለውን ክፍተት አሳየችኝ።

"ይህን ማን ያወለቀው ይመስልሻል? ከትራስሽ ሥር የወሰድኩት እኔ ነኝ እኮ።"

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ፤ መሐላውንም፣ ከመሐላው በፊት ዴንማርኮቹ ሲዘፍኑ ያልሰማሁትንም። አጎቴ ያለው ይህ ነበር፦ "እሷንም አንተንም የመታሁ እኔ ነኝ እላለሁ። ሥራህ አይነካ፣ ስምህ አይነካ። አንተ ግን ሁለተኛ እጄን ባሳርፍባት ሩሃማ ትሙት በል።"

በዚያው ሳምንት ደወልኩለት። ሰምሀልን ጠየቅሁት። ካምፑን በአሥራ ሰባት ዓመቷ ጥላ ጀርመን ገብታለች፤ ከስድስት ዓመቷ ወዲህ በአካል አላያትም። እንደ ዋዛ ነው የነገረኝ። ስለ ምርጫው ምንም አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁበትም።

"አጎቴ" አልኩት፤ "እማዬ ነገረችኝ።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። መሐላውንም።"

ከበስተኋላው የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማኛል።

"እሷን ብጠይቃት ደብቃ ነው የምትነግረኝ" አለ። "አንቺ ንገሪኝ። ከዚያ ወዲህ ነክቷት ያውቃል?"



"አጎቴ" አልኩት፤ "ይኸው አለሁ እኮ። አልሞትኩም።"